ከበሩ ጀርባ ያለው ሳህን

ሰብለወንጌል አዳማ ላይ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአባቷ በወረሰችው ግቢ ውስጥ ውሾች ታስጠጋለች። ግቢው ድሮ የዶሮ እርባታ ነበር። አባቷ ሲሞቱ ዶሮዎቹ ተሸጡ፤ የቆርቆሮ ቤቶቹና የሽቦ አጥሩ ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ከተማ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ትሸጣለች። ከሰዓት ወደ ግቢዋ ተመልሳ መኪና የገጫቸውን፣ መርዝ ቀምሰው የተረፉትን፣ ቤት የለቀቀ ሰው በር ላይ ጥሎ የሄዳቸውን ታበላለች፣ ታክማለች። ካገገሙ በኋላ የሚወስዳቸው ሰው ትፈልጋለች። ከጎረቤቶቿ ግማሾቹ ያከብሯታል፣ ግማሾቹ ደግሞ ልጅ ያልወለደች ሴት ጊዜዋን በምን ታሳልፈው ይላሉ። ሁለቱንም ለምዳዋለች።

አይቀርም የሚባለው ውሻ የመጣው ከባቱ ነው። ከሐይቁ ዓሣ ጭኖ አዳማ የሚያራግፍ ሹፌር ከበረዶ ሣጥኖቹ መሀል አስሮ አመጣው።

"ባለቤቱ አሮጊት ነበሩ፣ አረፉ" አላት ሹፌሩ። "ለቀስተኛ ነክሶ መርዝ ሊሰጡት ሲሰናዱ ነው የደረስኩት። ስሙ አይቀርም ነው። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

አፉ ዙሪያውን የሸበተ፣ ዳማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ትልቅ ውሻ ነበር። ጸባዩ አያድርስ ነው። ከሌላ ውሻ ጋር አንድ ቤት አያድርም። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ካየ አጥሩን ሊነቅለው ይደርሳል። ጀርባውን ለመዳበስ የተዘረጋ እጅ ካየ ከንፈሩን ይሰበስባል። ከሁሉም የከፋው ግን የምግቡ ነገር ነበር።

ሰብለ ምግብ ላይ የሚናከስ ውሻ ብዙ አይታለች። ተርቦ ያደገ ውሻ ሳህኑን አያስነካም፤ ይሄ የተለመደ ነው። አይቀርም ግን ግማሹን ይበላና ያቆማል። ከዚያ የቀረውን በአፍንጫው እየገፋ ይወስድና ከበሩ ጀርባ፣ መዝጊያው ሲከፈት በሚሸፍነው ጥግ ያስቀምጠዋል። እሱ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይተኛል። ያኔ ነው የቀረበውን ሁሉ የሚነክሰው። ቆየት ብሎ ጅራቱን አንድ ሁለቴ መሬቱ ላይ መታ መታ ያደርግና ይነሳል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ብዙም አልገረማትም። የድሮ የዶሮ ቤት ነው፤ አይጥ አለ፣ ወፍ አለ። ውሻው አርጅቷል፣ ግርግር አይስማማውም፣ ጸጥ ያለ ቤት ቢያገኝ ይረጋጋል ብላ ለቢሾፍቱዋ ሊዲ ሰጠችው። ሊዲ ከሐይቁ አፋፍ ላይ አነስተኛ ፔንሲዮን አላት። ወጣት ናት፣ ውሻ ትወዳለች፣ ከዚህ በፊትም ሁለት ወስዳ በደንብ ይዛቸዋለች።

ወር ሳይሞላ ሊዲ ደወለች።

"ሰብልዬ፣ ነይና ውሻሽን ውሰጂልኝ።"

"ነከሰ?"

"የምታጸዳልኝን ልጅ ክንዷን ይዟታል። ግን እሱ አይደለም። እሱን እችለው ነበር።"

ሰብለ በማግስቱ ሄደች። ሊዲ ከመግቢያው ራቅ ብላ፣ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

"ሳህኑን የሚያስቀምጠው ከመግቢያው በር ጀርባ ነው። ቀትር ላይ እንግዳ ቁልፍ ሊወስድ ይገባል። ወደ በሩ ጀርባ ዞር ይልና 'ይቅርታ' ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ምሳ ላይ ያለ ሰው ላይ የገባ ይመስል። ማንን ነው ይቅርታ ያልከው ስለው፣ እሱ ራሱ ግራ ገብቶት ያየኛል። አንድ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር። አንድ አይደለም።"

"ውሻው ተኝቶ አይተውት ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች ሊዲ። አላመነችም፤ ሰብለም አልጫነቻትም።

ቀጥሎ ዱከም ውስጥ መጋዘን ያለው ሰው ለጥበቃ ወሰደው። እሱም ብዙ ሳይቆይ በራሱ መኪና ጭኖ መለሰው። ዘበኞቹ አብረውት ለመሥራት እምቢ ብለው ነበር። "ለሁላችንም ይጮሃል፤ የማይጮህለት አንድ አለ" ብለዋል አሉ። የትኛው እንደሆነ ግን ከመሀላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ሰብለ ይሄን ሰምታ ውሻውን ወደ ዶሮ ቤቶቹ አልመለሰችውም። ራሷ የምታድርበት ቤት አስገባችው። ወሬውን በዓይኗ አይታ ልትገላገለው ፈለገች።

ቅዳሜ ነበር። ሱቋን ቀደም ብላ ዘግታ መጣች። የአዳማ ንፋስ ጠዋት ሙሉ አቧራውን ሲያንከባልለው ቆይቶ ቀትር ላይ ቀጥ አለ። ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች በየጥላው ተዘርረው ድምፅ የላቸውም። ሩዝ በሥጋ መረቅ ቀቅላ አቀረበችለት። አይቀርም ግማሹን በላ። ሳህኑን እየገፋ ሲሚንቶውን አቋርጦ ከበሩ ጀርባ አደረሰው። ተኛ። ሰብለ ወንበር ስባ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሳችም።

ምንም አልሆነም። ሩዙ እንዳለ ነው። የሚገርመው ግን ዝንቦቹ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ዝንብ ነበረ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ የውሻው ጆሮ ላይ ያርፋል። ሳህኑ ላይ አያርፍም።

አይቀርም ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን አዞረ። ደግሞ አያት። ሰብለ የሚለምን የውሻ ዓይን ታውቃለች፤ ይሄ ሌላ ነበር። ይሄ የሚያፍር ዓይን ነው። እንግዳ ይዞ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቷን ያጠቆረችበት ሰው ዓይን። አካሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ ወጣ። ያን ጊዜ ሰብለን ያልጠበቀችው ነገር ያዛት። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ሐፍረት ነው። ሰው ሲበላ አፍ አፉን ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። አሁን ነውር እየሠራች እንደሆነ ተሰማት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አታውቅም።

ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀች። ተመልሳ ስትገባ አይቀርም ተነስቶ ውሃ እየጠጣ ነበር። ሳህኑ ባዶ ነው። አንስታ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ውሻ የላሰው ሳህን ይረጥባል፤ ይሄ ደረቅ ነበር። ቅባቱ ላይ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ጎን ለጎን የሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የራሷን ጣቶች ከላያቸው አድርጋ ለካቻቸው፤ ልክ መጡ። ሳህኑን አላጠበችውም። ውጭ ወስዳ ደፍታ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ባቱ ወረደች። በሞጆና በመቂ በኩል፣ የሽንኩርት ጆንያ ከተጫነበት ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቃ። የዓሣው ሹፌር ሰፈሩን በስልክ ነግሯት ነበር። የአሮጊቷ ቤት ሐይቁ አጠገብ፣ በር ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት፣ ግድግዳው የተላጠ አንድ ክፍል ነው። ከጎኑ ሱቅ ያላቸው ሳፊያ የሚባሉ ትልቅ ሴት ወንበር ሰጥተው አስቀመጧት፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ እዚያ ሰፈር ወልደው ከብደዋል።

"አይቀርም በሕይወት አለ እንዴ?" አሉ። "ወላሂ እኔስ ገድለውታል ብዬ ነበር።"

ሰብለ ስለ ሳህኑ ጠየቀቻቸው። ስለ ጣቶቹ ምልክት አላነሳችም።

ሳፊያ ወደ ተቆለፈው የአሮጊቷ በር በአገጫቸው ጠቆሙ።

"አበበች አንድ ልጅ ነበራት፤ ዘካርያስ ይባላል። በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሄደ። የመን ደርሷል ተባለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ውሻውን ያመጣችው ልጇ ከሄደ በኋላ ነው። አይቀርም ያለችውም ለልጇ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ሲጠራ እንድትሰማ። በየቀኑ ቀትር ላይ ከምትበላው ከፍላ የልጇን ድርሻ ከበሩ ጀርባ ታስቀምጣለች። ፍየሎቼ እንዳይነኩት ውሻው ይጠብቃል። ያስለመደችው እሷ ናት።"

"ታዲያ ማን ይበላው ነበር፣ እትዬ ሳፊያ?"

"እኔ" አሉ ሳፊያ። "አልበላውም፤ አነሳው ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ምግቡ እንዳለ ሲያድር ስታለቅስ እሰማት ነበር። አንጀቴ አልቻለም። በጓሮ ገብቼ እያነሳሁ ለፍየሎቼ መስጠት ጀመርኩ። ባዶውን ሳህን ስታይ ፊቷ የሚሆነውን ብታይ፣ ልጄ። በልቶ ሄደ ትላለች። ኃጢአት ይሁን ጽድቅ እስካሁን አላውቅም። ውሻው ያውቀኝ ስለነበር አይነካኝም።"

ሰብለ ያን ጊዜ እፎይ አለች። ነገሩ የሰው ሥራ ነበር። ልማድ ነው፣ ውሻ የለመደውን አይተውም። እፎይታዋ ግን አልቆየላትም።

"እኔ ቤት ግን እርስዎ የሉም። አሁን ማን ያነሳዋል?"

ሳፊያ መንገዱን አዩ። ባጃጅ አለፈ፣ ሹፌሩ "አካም" ብሎ በእጁ ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን አነሱ።

"መጨረሻዋ ላይ፣ አልጋ ከመያዟ በፊት፣ እኔ ሳልደርስ ባዶ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ነበር" አሉ። "ርቧት ራሷ በላችው ብዬ ተውኩት። ለማንም አላወራሁም።"

"ውሻውን ቢወስዱትስ? እርስዎን ያውቅዎታል።"

"ግቢ ለመጠበቅ ከሆነ ውሻ ማሳደር ችግር አልነበረውም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እፈራለሁ።"

ሰብለ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታቸው ተመለሰች። ወደ አዳማ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያን ልጅ እያሰበች ነበር። የበረሃ አሸዋ ላይ ወይ ባሕር ውስጥ፣ ተርቦ የቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአይቀርም የምታቀርበውን ጨመረችው። ቀትር ሲሆን ቤቷን ለቃ ትወጣለች። ውሻውን ለሌላ ሰው ለመስጠት ማሰብ አቆመች፤ ማን ይወስደዋል? እሷም ግን በቤቷ ውስጥ እንደ ልቧ መሆን አቃታት። ከሥራ ስትመለስ በሩን ገፋ ከማድረጓ በፊት ትንሽ ትጠብቃለች። የወጥ ሽታ ሲሸታት ቆማ ትሰማለች። ከስታለች፣ እህቷም ሐኪም እይ እያለች ትነተርካታለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ።

"እትዬ ሰብለወንጌል ነዎት? ቁጥርዎን እትዬ ሳፊያ ሰጡኝ። ዘካርያስ እባላለሁ። የአበበች ልጅ ነኝ።"

ሰብለ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

"ይሰማል?" አለ ሰውየው። "እስር ቤት ነበርኩ። ከሌሎቹ ጋር ነው የመለሱን። ስለ ውሻው ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ሰብለ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው መሬቱን ነው፤ ጥላው ወድቆ እንደሆነ። ወድቋል። የጨበጠችው እጅ የሞቀና ሻካራ ነበር። ወገቡ ጎበጥ ያለ፣ ያለ ዕድሜው ግንባሩ የተሸበሸበ ወጣት ነው። አይቀርም ከቤት ውስጥ ድምፁን ሲሰማ መዝጊያውን በጥፍሩ ይቧጥጠው ጀመር። ሲከፈትለት ግን እንደማንኛውም ባዕድ አጓራበት። ጥርሱን አወጣ። ሰብለ በሰንሰለት ካልያዘችው ሊዘልበት ነበር።

"አያውቀኝም" አለ ዘካርያስ። "እኔም አላውቀውም። እናቴ ከእኔ በኋላ ነው ያሳደገችው።"

ሰብለ ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አልቻለችም። ሻይ አቅርባለት ሁሉንም ነገረችው። የሊዲን እንግዶች፣ ዝንቦቹን፣ የጣቶቹን መስመር። "አንተ ነህ ብዬ ነበር" አለችው። "ሞተህ መስሎኝ። ለአንተ ነበር የማበላው።"

ዘካርያስ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"ሰው እያየ አይበላም አሉኝ?"

"አዎ።"

"ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ?"

"ሁልጊዜ።"

"እናቴ እዚያ ነበር የምትበላው" አለ። "ለእኔ ታቀርብልኝና እሷ ድርሻዋን ይዛ ከበሩ ጀርባ ትቀመጣለች። ዞር በል፣ አትየኝ ትላለች። ዓይነ አፋርነት ይመስለኝ ነበር። ትንሽ መሆኑን እንዳላይ ነው ለካ። የገባኝ እስር ቤት ሆኜ ነው።"

ሰብለ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ተነስታ የውሻውን ምግብ አቀረበች። አይቀርም ዘካርያስን እየገላመጠ ግማሹን በላ። ሳህኑን ገፍቶ አደረሰ። ተኛ፣ አጓራ። ዘካርያስ ከወንበሩ ወረደ። ሲሚንቶው ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና ጀርባውን ለበሩ፣ ለውሻውም ሰጠ። ጭንቅላቱን ደፋ። ሰብለ ከግድግዳው ተለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ማጓራቱ እያነሰ ሄደ፣ ቆመ። ከዚያ የጥፍር ድምፅ ሲሚንቶው ላይ ሰማች። ዓይኗን ስትገልጥ ሽማግሌው ውሻ የዘካርያስን ማጅራት እያሸተተ ነበር። ብዙ ጊዜ አሸተተው። ከዚያ ወገቡ ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። ዘካርያስ ዞር አላለም።

"ለእኔ አይደለም የሚያስቀምጠው" አለ በኋላ። "እኔን ስትጠብቅ ከአፏ ከፍላ ጦሟን ስትውል ያያት እሱ ብቻ ነው።"

በዚያው ቀን ይዞት ሄደ። የዓሣው ሹፌር ባዶውን ሲመለስ ሁለቱንም ጫናቸው።

ሰብለ ቤቷን አጸዳች። ጥጉን በውሃና በኦሞ አጠበችው። ቀትር ላይ ቤቷ ተቀምጣ መብላት ጀመረች፤ ምንም አልነበረም። አንዳንዴ ዘካርያስ ይደውልላታል። ኮፍያ ያደረገ የባጃጅ ሹፌር ነክሶ ሰውየውን ለሕክምና ወስጄዋለሁ፤ የሳፊያን ፍየል አባሮ ሐይቅ ውስጥ ከቷል፤ ማታ ማታ እግሬ ላይ ነው የሚተኛው ይላታል። ጸባዩ አልተለወጠም ነበር። ዘካርያስም እንዲለወጥ የፈለገ አይመስልም።

ከመስከረም በኋላ ለራሷ ጉዳይ ባቱ ሄደችና ጎራ አለች። ግድግዳው ተለስኗል። ዘካርያስ አትክልት እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጥሯል፤ ያን ቀን ግን ቤት ነበር። ዓሣ ጠብሶ ምሳ ካልበሉ አይሄዱም አላት። ከደጃፉ ውጭ፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል፣ ሁለት በርጩማ አወጣ። በሩ ከኋላቸው ክፍት ነው።

አይቀርም ተሰጠው፣ ግማሹን በላ። ሳህኑን እየገፋ ወደ ውስጥ ገባ። ሰብለ ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ ስለ ፓምፑ ጠየቀችው። ዘካርያስም ስለ ፓምፑ ይነግራት ጀመር። ናፍጣው እንዴት እንደሚጠፋ፣ አለቃው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ። ውሃው ላይ አንድ የደንገል ጀልባ ቆማለች። ንፋስ የለም።

ከኋላቸው ድምፅ ተሰማት። ቀስ ያለ ነው። ቆርቆሮ ሳህን ላይ የሚሄድ ጥፍር፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ የሚሰበስብ እጅ የሚያወጣው ድምፅ። ውሻው ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ወደ ታች አየች። አይቀርም ከፊታቸው ነበር። መቼ እንደወጣ አላየችውም፤ ሽበታም አፉን የዘካርያስ ጫማ ላይ ጥሎ ተኝቷል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ጅራቱ አንድ ሁለቴ አፈሩን መታ።

አንገቷ ሊዞር ሲል ዘካርያስ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ ሳህኗ ላይ ዓሣ ጨመረላት። አላያትም። ሐይቁን እያየ ያኝካል።

"ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል" አላት።

በላች።

አይቀርም አሁንም ባቱ ነው። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ የኋላ እግሮቹ ደክመዋል፤ ለመንከስ ግን አልሰነፈም። ሰብለ መድኃኒት ታደርስለታለች። ስትሄድ ጠዋት ትሄድና ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሚኒባስ ትይዛለች።